ቅጥር የሌለው ከተማ፦ የድሬ ሼህ ሁሴን ሕንፃዎችና የባሌ እስልምና ታሪክ

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በካይሮና በደማስቆ የማምሉክ ሱልጣኖች ጸሐፊ የነበረው ኢብን ፈድሉላህ አል ዑመሪ፣ ወደ ግብፅ ከዘለቁ የሐበሻ ሙስሊሞች አንደበት የሰማውን አሰባስቦ፣ ከዘይላዕ ጠረፍ ወደ መሀል አገር ስለተዘረጉ ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ጽፎ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግዛቶቹ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ደራ ሲሆኑ፣ ባሊ ያለው ዛሬ ባሌ የሚባለውን አገር ነው። ርዝመቱ የ20 ቀን፣ ወርዱ የ6 ቀን መንገድ እንደሆነ፣ 18,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ፣ ከእኅት ግዛቶቹም ይልቅ ምድሩ ለም፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለና ለኑሮ የተመቸ እንደሆነ መዝግቧል። ስለ ሕንፃዎቹ ያለው ግን አጭር ነው፤ ሆኖም ይህ አጭር ቃል የባሌን የእስልምና ኪነ ሕንፃ ታሪክ ለሚመረምር ሁሉ መነሻ ሊሆን ይገባዋል። የሰባቱ ግዛቶች ቤቶች ከጭቃ፣ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠሩ፣ ጣሪያቸውም በክፈፍ ወይም በጉልላት መልክ የተከደነ መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ከተሞቹ ቅጥር እንደሌላቸውና ግንባታቸውም ግርማ እንደማይታይበት፣ ይህም ሆኖ ግን የጁሙዓ፣ ማለትም የዓርብ፣ ሶላትና ኹጥባ (ስብከት) የሚካሄድባቸው መስጊዶች እንዳሏቸው ይናገራል።

አል ዑመሪ ይህን የጻፈው የካይሮን የድንጋይ ሚናራዎች በየዕለቱ እያየ በመሆኑ፣ «ይህም ሆኖ ግን» በሚለው ማያያዣ ውስጥ ትንሽ መደነቅ ይነበባል። ቅጥርና ግርማ ከሌለ ከተማውን የእስልምና ከተማ የሚያሰኘው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በባሌ ምድር በተለያየ መልክ ሲመላለስ ኖሯል። ከሁሉም ይበልጥ ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው ከሮቤና ከጎባ ደጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ምድሩ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ቆላማ ስፍራ በሚገኘው፣ በቀድሞ ስሙ አናጂና በሚባለው ድሬ ሼህ ሁሴን ነው። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ስለሆነ፣ ስፍራው በስሙ ግንብ ወይም ምሽግ ሳይሆን የሼህ ሁሴን ሜዳ ነው።

ሼህ ሁሴን በትውፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖሩ፣ በባሌና በአካባቢው እስልምናን ያስፋፉ ወልይ ናቸው። ወልይ ማለት ለአላህ የቀረበ፣ በዚህም ምክንያት ከራማ፣ ማለትም ከተራ ሰው አቅም በላይ የሆነ በረከት የተሰጠው ሰው ነው። የቤተሰባቸውን ምንጭ የሚተርኩ ወገኖች አባቶቻቸውን በቤናድር ጠረፍ ከምትገኘው ከመርካ ያመጧቸዋል። ይህ ትረካ በጽሑፍ ማስረጃ ባይደገፍም ከመልክዓ ምድሩ ጋር ይስማማል፤ ምክንያቱም ከአርሲና ከባሌ ደጋ የሚነሣው ዋቢ ሸበሌ ድሬን በቅርብ ርቀት አልፎ ወደ ሶማሌ ምድር ከወረደ በኋላ ወደ ቤናድር ጠረፍ ተጠግቶ ይፈስሳል፤ የነጋዴውና የሼሁ መንገድም አብዛኛውን ጊዜ የወንዝ መንገድ ነበር። በጠረፉ በዚያው ዘመን የነበረው የግንባታ ጥበብ ከፍ ያለ ነበር፤ በሞቃዲሾ የሚገኘው የፈኽረዲን መስጊድ በ1269 ሲሠራ፣ በእብነ በረድ ጽሑፍ የተጌጠ ሚህራብ ነበረው። ሚህራብ ማለት ሰጋጆች ወደ መካ የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ ይኸውም ቂብላን፣ የሚያመለክት በግድግዳ ላይ የተሰረጎደ ቅስት ነው። በአናጂና ግን እንዲህ ያለ የእብነ በረድ ሥራ አልታየም። ሼሁ ራሳቸው እንዳሠሩት የሚነገርለት የዙክቱም መስጊድ የሚታወቀው በጌጡ ሳይሆን በቀዳሚነቱና በመሥራቹ ስም ነው።

ስለ ባሌ ግንባታ ሲታሰብ ከሃይማኖቱም ከሥልጣኔውም በፊት ድንጋዩን ማወቅ ይጠቅማል። የጎባና የሮቤ ደጋ፣ ከበላዩ ያለው የሳነቴ ሜዳና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ የተከመረበት ምድር ነው፤ ይህ ድንጋይ ጠንካራና ለመጥረብ አስቸጋሪ ሲሆን ኖራም አይወጣውም። በምሥራቅ በኩል ወደ ጊኒርና ወደ ድሬ ሲወረድ ግን ምድሩ ነጭ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ ይህ ድንጋይ ለግንብ ይመቻል፣ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል፣ ሲፈጭም ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ስለዚህ የደጋው ሰው በጽድና በጭቃ፣ የቆላው ሰው ደግሞ በድንጋይና በኖራ የሠራው፣ አንዱ ከሌላው በእምነት ስለበለጠ ወይም በጥበብ ስላነሰ ሳይሆን እግሩ ሥር ያገኘውን ስለተጠቀመ ነው። ተጓዦች ድሬን አይተው ሲደነቁና የደጋውን መስጊዶች ግን ልብ ሳይሏቸው ሲያልፉ የኖሩት ይህን ልዩነት ባለመገንዘብ ነው፤ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ መስጊድ ለሁለት መቶ ዓመት ስለማይቆም፣ ያልቆየው ሁሉ እንዳልነበረ ተቆጥሯል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) የሙስሊም ግዛቶቹን በጦር ካስገበሩ በኋላ ባሌ ለክርስቲያኑ መንግሥት የሚገብር አገር ሆነ፤ ይህም ከፍ ዝቅ እያለ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ዘለቀ። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ባሌን ሲይዝ፣ የዘመቻውን ታሪክ በፉቱህ አል ሐበሻ የመዘገበው ሺሃበዲን የባሌን ጦርነቶች በሰፊው ይተርካል። በዚያው ዘመን፣ በአፄ ልብነ ድንግል ጊዜ፣ የኦሮሞ መስፋፋት በባሌ በኩል መጀመሩን ደግሞ አባ ባሕርይ በ1593 በጻፉት ድርሳን ገልጸዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አል ዑመሪ የዘረዘራቸው ግዛቶች ከነስማቸው ጠፍተው ነበር። ሐረር ግን በአሚር ኑር ዘመን (1551–1567) ጀጎል የተባለውን ቅጥር ገንብታ፣ በሮቿን ዘግታ ይህን ማዕበል አለፈችው። ባሌ እንዲህ ያለ ቅጥር አልነበረውም።

በዚህ ጊዜ በድሬ የሆነው ነገር ለታሪክ ተመራማሪዎች እጅግ ትኩረት የሚስብ ነው። አገሩን የያዘው ኦሮሞ በአብዛኛው ሙስሊም ባይሆንም የሼሁን መቃብር አላፈረሰም፤ ይልቁንም በራሱ ሥርዓት መንፈስ ተቀበለው። በኦሮሞ ነባር ሥርዓት የየአገሩ ሰው ቅቡዕ ወደሆነው ወደ አባ ሙዳ ለመቀባትና ለመመረቅ ሩቅ መንገድ ይጓዝ ነበርና፣ ወደ ሼህ ሁሴን የሚደረገው ጉዞም ብዙ የጋራ መልክ አገኘ፤ ተሳላሚው ራሱ «ሙዳ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል። ከሁለት የተሰነጠቀ ራስ ያለው «ዳንቄ» የተባለው በትር የተሳላሚው መታወቂያ ሆነ፤ የሼሁ ውዳሴ «ባህሮ» በሚባለው የኦሮምኛ ዜማ ይዘመር ጀመር። ቅጥር ያልነበረው ስፍራ የዳነው እንግዳውን በሩ ላይ ባለማቆሙ፣ የመጣው ሕዝብም የራሱ አድርጎ ስለያዘው ነበር ማለት ይቻላል፤ የድሬን ሕንፃዎች ትርጉምም ከዚህ ታሪክ ነጥሎ መመልከት አይቻልም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረርና ድሬ እንደገና በግልጽ ተገናኙ። ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት አሚር አብዱሽኩር ኢብን ዩሱፍ በሼህ ሁሴን መቃብር ስፍራ ቁባ ማሠራታቸው ይነገራል፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ቁባ በባግዳድ በ1166 ካረፉትና የቃዲሪያ ጠሪቃ በስማቸው ከሚጠራው ከሼህ አብዱልቃድር ጀይላኒ መታሰቢያ ጋር ያያይዙታል። ጠሪቃ ማለት አንድን መንፈሳዊ መሪ ተከትሎ በዚክርና በዱዓ፣ ማለትም አላህን በማውሳትና በልመና፣ ወደ እሱ የመቅረቢያ መንገድ ነው፤ ቃዲሪያ በሐረርም በባሌም ሥር የሰደደው ጠሪቃ ነው። በዚሁ ጊዜ አካባቢ ሼህ መሐመድ ጢልማ ጢልሞ የተባሉ ሰው ስፍራውን እንዳነቃቁና ተሳላሚውን እንዳበዙ የአገሩ ትውፊት ያስታውሳል። ሐረር የቅጥሯ ጉልበት በደከመበት፣ በዙሪያዋ ካሉ ኦሮሞዎች ጋርም በስምምነት መኖር ግዴታ በሆነባት ዘመን፣ አሚሩ እነዚሁ ኦሮሞዎች በሚያከብሩት መቃብር ላይ መገንባታቸው የአምልኮ ተግባር ብቻ አልነበረም። ሐረር በባሌ መሬት ላይ ያቆመችው ምልክት ምሽግ ሳይሆን ጉልላት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ቁባ የዐረብኛ ቃል ሲሆን ጉልላት፣ በአገራችን አነጋገር ደግሞ በወልይ መቃብር ላይ የሚሠራ ባለ ጉልላት ቤት ማለት ነው። አሠራሩ ከሞላ ጎደል በእስልምናው ዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ከታች አራት ማዕዘን ክፍል፣ ከላይ ክብ ጉልላት ይቆማል። አራት ማዕዘኑን ምድር፣ ክቡን ሰማይ እያሉ የሚተረጉሙ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት አሉ። ይህ ትርጓሜ ለኢስፋሃን ወይም ለሳማርቃንድ ሊስማማ ይችላል፤ ድሬን በተመለከተ ግን የሕንፃው ትርጉም በቅርጹ ብቻ ሳይሆን ሰው ሕንፃውን በሚጠጋበት አኳኋን ውስጥ ይገኛል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው በግራጫው ቁጥቋጦ መካከል በኖራ የተለሰነ ነጭ ነገር ነው፤ ቀርቦ ሲያይ በነጭ ግንብ የታጠረ ግቢ፣ በግቢው ውስጥም የሼሁና የቤተሰባቸው፣ ከእሳቸው ጋር የሚቆጠሩ የሌሎች አውሊያ፣ ማለትም የወልዮች፣ ቁባዎችም ይታዩታል። ጫማ ከግቢው በር ውጭ ይቀራል። የመቃብሩ በር ዝቅ ያለና ጠባብ ስለሆነ ማንም ሰው፣ ሹምም ይሁን እረኛ፣ አጎንብሶ ካልሆነ አይገባም፤ ብዙዎች መቃኑን በእጃቸው ዳስሰው፣ በከንፈራቸው ስመው ነው የሚያልፉት። ለብዙ ትውልድ እጅ ያረፈበት መቃን፣ አናጺው ያልቀረጸው ልስላሴ ይኖረዋል።

በዚህ ስፍራ የሕንፃውና የአፈሩ ልዩነት ይጠፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተሳላሚዎች «ጀዋራ» የሚሉት ነጭ አፈር አለ፤ ከስፍራው ወስደው ግንባራቸውን ይቀቡታል፣ በትንሹ ይቀምሱታል፣ በጨርቅ ቋጥረው ለታመመ ዘመድ ይወስዱታል። ግንቡን የሚያነጣው ኖራና ግንባርን የሚያነጣው ጀዋራ ሁለቱም ከነጩ የቆላ ምድር የወጡ ናቸው። «ሐሮ» በሚባሉት፣ ማለትም በኦሮምኛ ኩሬ በተሰኙት የውሃ ማቆሪያዎች ተሳላሚው ይጠጣል፣ ለሶላት የሚያስፈልገውን ውዱእም ያደርጋል፤ ዝናብ በሚቸግርበት ቆላ እነዚህ ኩሬዎች ባይኖሩ ኖሮ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለአንድ ቀንም መሰብሰብ ስለማይችል፣ ኩሬዎቹን ከቁባዎቹ ያላነሱ የስፍራው ግንባታዎች አድርጎ መቁጠር ይገባል። ዋናዎቹ የዚያራ፣ ማለትም የጉብኝትና የልመና ወቅቶች አረፋና መውሊድ ናቸው፤ በእነዚህ ቀናት ጥቂት ነዋሪ ያለው ስፍራ ድንገት ከተማ ይሆናል፣ ሜዳው በሰው ይሞላል፣ ከዚያም ይበተናል። መካ ለመድረስ አቅም ለሌላቸው ብዙ ሰዎች ይህ ጉዞ የልብ መጽናኛ ነበር።

በ1894 አሜሪካዊው ሐኪምና ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ከበርበራ ተነሥቶ ወደ ድሬ ሲደርስ ስፍራውንና መቃብሮቹን አይቶ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1897 ታተመ። በዚሁ ጉዞው በዌይብ ወንዝ ላይ የሚገኘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ለውጭው ዓለም አሳወቀ። ዋሻው ስሙን ያገኘው ከሼህ ሁሴን ጋር በትውፊት ከሚተሳሰሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ በ1972 አንድ የብሪታንያ የዋሻ አጥኚዎች ቡድን ለክቶት 15.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት እንዳለው ታውቋል። ወንዙ የኖራውን ድንጋይ እየበላ የሠራቸው ምሰሶዎች፣ ቅስቶችና ጉልላት መሰል ጣሪያዎች ማንም ሰው ሳይጠርባቸው የቆሙ ናቸው፤ ሙስሊሞች ገብተው ሲጸልዩበት ስለኖሩም መስጊድ ሆኖ አገልግሏል። እስልምና ምድር ሁሉ መስገጃ ሆና መሰጠቷን የሚያስተምር በመሆኑ ይህ ለሼሆቹ እንግዳ ነገር አልነበረም። የኪነ ሕንፃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዋሻን ከሕንፃ አይቆጥሩም፤ በባሌ ግን ዋሻውን ትቶ ቁባውን ብቻ መጻፍ የተሳላሚውን መንገድ ግማሹን መቁረጥ ይሆናል።

ስሚዝ በመጣበት ጊዜ የአፄ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ይዞ ስለነበር ወደ ፊት እንዳይቀጥል ተከልክሎ አቅጣጫውን ለመቀየር ተገዷል። ከ1886 የአርሲ ጦርነት በኋላ ወደ ባሌ የዘለቀው ጦር በደጋው ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ፣ ጎባን መቀመጫው አደረገ። «ከተማ» የሚለው የአማርኛ ቃል «ከተመ» ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ ቀድሞ የጦር ሰፈርን ያመለክት ስለነበር፣ ጎባ በቃሉ የመጀመሪያ ፍቺ ከተማ ነበረች። በዚህ መንገድ በባሌ ሁለት ዓይነት ከተሞች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዱ ጦር፣ ዳኛና ግብር የሚሰበሰብበት፣ ሌላው ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚሞላና ራሱን በዱዓ የሚያስተዳድር። በጎባ የቆሙት ቤተ ክርስቲያኖች ክብ ሆነው መቅደሳቸው ወደ ምሥራቅ ሲያመለክት፣ የባሌ ሙስሊም ግን የሚሰግደው ወደ ሰሜን ነው። ሮቤና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር፣ በ40 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ፣ የሚገኙ በመሆናቸው የደጋው ቂብላ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይውላል። በአንድ ከተማ ውስጥ የሁለቱን እምነቶች ሕንፃዎች ሲያዩ፣ አንዱ ፀሐይ የምትወጣበትን ሌላው ሰሜንን ሲያመለክቱ፣ አገሩን ያለ ካርታ ማንበብ ይቻላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት የአርሲ ኦሮሞ በደጋው ላይ በብዛት እስልምናን ተቀበለ። የሼሁን ከራማና ገድል የሚተርከው ረቢዕ አል ቁሉብ የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ በ1927 በካይሮ ሲታተም፣ በቃልና በቅጂ ይተላለፍ የነበረው የድሬ ትውፊት በታተመ መጽሐፍ ተያዘ፤ ስማቸውም በባሌ ብቻ ሳይወሰን እስከ ወሎ በመንዙማ (በውዳሴ ዜማ) እና በወዳጃ (በጋራ የጸሎት ስብሰባ) «ኑር ሁሴን» እየተባለ ይወደስ ነበር። ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣሊያን ወረራ፣ ጣሊያኖች ሙስሊሙን ለማቅረብ በአገሪቱ መስጊዶች እንዲሠሩ ፈቀዱ፤ የአዲስ አበባው ታላቁ አንዋር መስጊድ የተጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ፈቃዱ የወራሪን ፖለቲካ ያገለገለ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ከዚያ በፊት በከተማ መሀል መስጊድ መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደነበረም ያስረዳል።

ከ1963 እስከ 1970 በዋቆ ጉቱ መሪነት የተካሄደው የባሌ ዐመፅ የተነሣው በመሬት ነጠቃ፣ በግብር ጫናና በሃይማኖት መገለል ምክንያት ነበር። ሕንፃ የዐመፅ ምክንያት ባይሆንም፣ አንድ ሕዝብ በገዛ አገሩ የት ሊገነባ እንደሚችልና የት እንደማይችል የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በቅሬታው ውስጥ ነበረ። በ1974 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለመብታቸው ሰልፍ ከወጡና ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ፤ ሁለቱ የድሬ የዚያራ ወቅቶች ናቸው። ከሶማሊያ ጋር በ1977 እና በ1978 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ባሌ የመንደር ማሰባሰብ ከሁሉ ቀድሞ የተጀመረበት ክፍለ ሀገር ስለሆነ፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ በመስመር በተሠሩ መንደሮች ውስጥ ሰፈረ፤ ለእነዚህ መንደሮችም መስጊድ አስፈለጋቸው።

የዚያ ዓይነቱ የደጋ መስጊድ አሠራር በዝርዝር ሊነገርለት ይገባል። የባሕር ዛፍ አጠና ተተክሎ በማገር ይታሰራል፤ ጭቃው የሚቦካው ባሌ በሰፊው ከሚያመርተው ከስንዴና ከገብስ ጭድ ጋር ሲሆን፣ ቦክቶ ሰነባብቶ ይመረጋል። ጣሪያው በመጀመሪያ ሣር፣ በኋላ ቆርቆሮ ነው። ሚናራ ከኖረ ከቆርቆሮ የተሠራ አጭር ግንብ መሰል ነገር ነው፤ ከሌለም አዛን የሚለው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጣራል። ሚህራቡ ከሰሜኑ ግድግዳ ወጣ ያለች ትንሽ ክፍል ስለሆነች፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቤቱ መስጊድ መሆኑን የሚያውቀው ወደ ውጭ በተነፋው በዚያ ግድግዳ ነው። ሥራው የመንደሩ ሰው ተጋግዞ በደቦ የሚያከናውነው ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንጨት፣ ጭድ ወይም ጉልበት ያመጣል። አል ዑመሪ የጻፈው ጭቃ፣ ድንጋይና እንጨት እዚህ ሳይለወጥ ቀርቷል፤ ጁሙዓውና ኹጥባውም እንደዚያው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን በባሌ፣ በተለይም በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ የቁባን ትርጉም በቀጥታ የሚሞግት አስተምህሮ ደረሰ። በሳዑዲ ዓረቢያ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ያመጡት የሰለፊያ አስተሳሰብ መቃብርን ማክበር፣ በወልይ ስም መለመንና በመቃብር ላይ መገንባት ከተውሒድ፣ ማለትም ከአላህ አንድነት እምነት ጋር አይስማማም ይላል፤ ከፍ ያሉ መቃብሮች ከመሬት ጋር እንዲስተካከሉ የሚያዝዘውን ሐዲስም ይጠቅሳል። በመዲና በአል በቂዕ መቃብር የነበሩት ቁባዎች በ1920ዎቹ አጋማሽ የፈረሱት በዚሁ አስተምህሮ መሠረት ነው። የድሬ ወገኖች በበኩላቸው ልመናው ለአላህ ብቻ እንደሆነ፣ ወልዩ አማላጅና የበረከት መንገድ እንጂ አምላክ እንዳልሆኑ ይመልሳሉ። ክርክሩ ቤተሰብን ከቤተሰብ፣ አባትን ከልጅ ያለያየ መሆኑ በባሌ የታወቀ ነው። ከታሪክ አንጻር ሊታወቅ የሚገባው ግን ሁለቱም ወገኖች ሕንፃውን ዝም ያለ ድንጋይ አድርገው አለማየታቸው ነው፤ ቁባው እንዲፈርስ የሚሻውም፣ መቃኑን የሚስመውም፣ ሕንፃው አንድ ነገር እንደሚናገር ያምናሉ፤ የተለያዩት በሚናገረው ነገር ላይ ነው።

ከ1991 በኋላ የሃይማኖት ነፃነት ሲሰፋ የደጋው ከተሞች መልክ ተለወጠ። ከጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሮቤ የንግድና የአስተዳደር ማዕከልነቱን ከጎባ እየተረከበች አደገች፤ በከተማዋም በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠሩ፣ ረጃጅም ሚናራና የብረት ጉልላት ያላቸው መስጊዶች በዙ። ጉልላቱ እዚህ የመቃብር ምልክት አይደለም፤ የመስጊድነት መለያ ሆኖ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሞዴል ተቀድቶ የመጣ ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ እምነት ውስጥ አንድ ቅርጽ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም መያዙ በሌላ ቦታ ብዙም አያጋጥምም፤ በሮቤ የብረት ጉልላት ሥር በቁባ ላይ የሚነቅፍ ትምህርት ሊሰጥ ይችላል፣ በድሬ የድንጋይ ጉልላት ሥር ደግሞ ያው ትምህርት የሚነቅፈው ዱዓ ይደረጋል። ይህ የእምነቱ ጉድለት ሳይሆን የሕንፃ ቋንቋ እንደማንኛውም ቋንቋ በተናጋሪው እጅ መሆኑን ያሳያል።

በ2011 ድሬ ሼህ ሁሴንና የሶፍ ዑመር ዋሻ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተመዘገቡ። ጊዜያዊ መዝገብ አንድ አገር ወደ ፊት ለዓለም ቅርስነት ሊያቀርባቸው የሚያስባቸው ቦታዎች ዝርዝር ሲሆን፣ ሐረር ጀጎል በ2006፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 ዋናውን መዝገብ ተቀላቅለዋል። በሐረር የመዝገቡ ጸሐፊዎች 82 መስጊዶችንና 102 የአውሊያ መቃብሮችን ቆጥረው፣ ከቅጥሩና ከበሮቹ ጋር ማስቀመጥ ችለዋል። በድሬ ግን የሚቆጠረው ነገር ራሱ አጠያያቂ ነው፤ ግንቡ በየጊዜው በኖራ ስለሚታደስ የመጀመሪያው ልስን የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፣ ሲሚንቶና የፋብሪካ ቀለም በኖራ ቦታ ሲገቡ ደግሞ ድንጋዩ እርጥበቱን የሚያስወጣበት መንገድ ስለሚዘጋ ግድግዳው ከውስጥ ይጎዳል። የጥገና ባለሙያ ኖራን ቢመክር ለሕንፃው ጤና ብቻ አይደለም፤ ከአካባቢው ድንጋይ የሚቃጠለው ኖራ ከጀዋራው ጋር ያለውን የነጭነት ዝምድና ጠብቆ የሚያቆየውም እሱ ነውና።

ዛሬ አረፋ ሲቃረብ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከደጋው ከተሞች የሚመጣው ተሳላሚ አብዛኛው በመኪና እስከ ጊኒር ይደርሳል፤ ጥቂቶች ግን «ጋሪባ» እየተባሉ፣ ዳንቄያቸውን ይዘው፣ በየመንደሩ እያደሩና ባህሮ እያሰሙ ሙሉውን መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። ከሮቤ የሚነሣው ሰው በጎሮ በኩል አልፎ ጥቁሩ ድንጋይ ወደ ነጭ የሚለወጥበትን ቁልቁለት ሲጀምር፣ ጎዳናውም አቧራውም እየነጣ ይሄዳል። ሲመለስ በነጠላው ጫፍ የቋጠረው ጀዋራ ደጋ ደርሶ ይፈታል፤ ከቤተሰቡ የታመመ ካለ በውሃ በጥብጦ ይሰጠዋል፣ ከተረፈው ጥቂቱን በቤቱ ምሰሶ ሥር ይነሰንሰዋል።